ሽታ የሌለው ነዳጅ

ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ለሁሉም «አፍንጫው» ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ኮፈን ከፍቶ አንዴ ሳብ ያደርግና «ፍሪሲዮኑ ተቃጥሏል» ይላል፤ ሲፈታም እንዳለው ሆኖ ይገኛል። ከዚህ የተነሳ ትዕቢቱ ጣራ ነክቷል። ሚስቱ ሽቶ ስትቀባ እንኳ ሻጩ ውሃ ጨምሮበታል እያለ ያናድዳታል።

ታዲያ ባለፈው ወር መሥሪያ ቤቱ በሃይድሮጂን የሚሄዱ አራት መኪኖች አመጣ። ሥራ አስኪያጁ ጭስ ማውጫቸው ከውሃ በቀር እንደማያወጣ ለማሳየት ሠራተኛው ፊት በብርጭቆ ቀድቶ ጠጣ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? ሆዱን ይዞ ሁለት ቀን ቤቱ ዋለ፤ ጥፋቱ የብርጭቆው ነው ተባለ።

አፍንጫውን ያስጨነቀው ግን ሌላ ነው። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ አፈትልኮ ብልጭታ ካገኘ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። አዲሷ መሐንዲስ፣ የገዛ እህቱ ልጅ፣ ይህን ስትነግረው አላመነም። ቱቦ ለቱቦ ሲያሸት ውሎ ያገኘው የአዲስ ጎማ ሽታ ብቻ ነበር። ሥራ አስኪያጁም ከሰኞ ጀምሮ በር ላይ ተቀምጦ ገቢና ወጪ መኪና እንዲመዘግብ ወሰነበት። ከጋራዥ ሌላ ዓለም የማያውቅ ሰው ነውና ያን ቀን ምሳ ዕቃውን ሳይከፍተው ወደ ቤቱ ይዞት ተመለሰ።

ዓርብ ዕለት ሜዳ ላይ የቆመው አንዱ መኪና የጋዝ ግፊቱ እየወረደ መጣ። ጋዝ የሚለየው መሣሪያ እንዳይቆሽሽ ተብሎ ከነላስቲኩ በሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉም ከእሱው ጋር ስብሰባ ገብቷል። መሐንዲሷ ሰው አራቀችና ግራ ተጋብታ ቆመች። አፍንጫው መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሳሙና በጣሳ በጠበጠ። ድሮ ጎሚስታ ሳለ የጎማ ከመነዳሪ ሲፈትሽ እንደሚያደርገው፣ በብሩሽ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ቀባ። ሦስተኛው ላይ አረፋው ኩፍ አለ። ልጅቱ ወዲያው ጋዙን ዘጋች፤ መጋጠሚያውንም ቀየሩት።

ሥራ አስኪያጁ ሲመለስ ነገሩን ሰምቶ ፈገግ አለ።

«በአፍንጫዎ ነው ያገኙት?»

«አፍንጫዬማ ጡረታ ወጥቷል» አለ እጁን እያለቀለቀ። «እኔ ግን አልወጣሁም። ያንን መሣሪያ ከላስቲኩ ያውጡልን፤ አጠቃቀሙን ይቺ ልጅ ታስተምረኛለች።»

ሰኞ በሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። አፍንጫው መሣሪያውን ይዞ መኪኖቹን ሲዞር ዋለ፤ አልፎ አልፎ፣ ማንም የማያየው ሲመስለው፣ ጎንበስ ብሎ ሳብ ያደርጋል።