ጓንግ ውስጥ የተነፈሰው ሰው

የባለቤቴ አርባ በወጣ በሳምንቱ ልጄ ጎንደር ወዳለው ቤቷ ወሰደችኝ። ዝም ብዬ ግድግዳ እንዳላይ ብላ ቴሌቪዥኑን ትከፍትልኛለች። ከፊቱ እቀመጣለሁ እንጂ ብዙም አላየውም። አንድ ከሰዓት ግን ጀርባው ላይ የብረት ጠርሙስ የተሸከመ ሰው ባሕር ውስጥ ሲዋኝ አሳዩ። ሰውየው ግራ እጁን ወደ ኋላ ልኮ ጠርሙሱን ከሥሩ ሽቅብ ገፋው፤ ቀኝ እጁን በትከሻው ላይ አሳልፎ ከማጅራቱ ኋላ ያለውን መክፈቻ ያዘና አዞረው። ሳላስበው ተነሥቼ ቆምኩ። ልጄ ሐዘኑ የጠናብኝ መስሏት ደነገጠች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እጽፋለሁ። እጄ ቶሎ ይዝላል፤ ጊዜ ግን አለኝ።

ነገሩ በጣሊያን ጊዜ ነው። ቤታችን ከመተማ ወዲህ፣ ጓንግ ወንዝ ዳር ነበር። አባቴ ሰሊጥና ማሽላ ያርሳል፤ ወንዙ ሲሞላ በተነፉ ስልቻዎች ላይ እንጨት ረብርቦ ሰውና ጭነት ያሻግራል። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ገና ዳዴ የሚለውን ወንድሜን ቀኑን ሙሉ የማዝለው እኔ ነበርኩ።

ጥቅምት ሲገባ፣ ወንዙ መጉደል ጀምሮ የታጨደው ሰሊጥ በየማሳው ነዶ ነዶውን በቆመበት ሰሞን፣ መንገድ የሚሠሩት ጣሊያኖች አንድ የብረት ሣጥን አሻግር ብለው ለአባቴ ሰጡት። ውስጡ የሞተር ዕቃ ነበር አሉ። መሐል ላይ ሲደርስ አንዱ ስልቻ ፈነዳና ሣጥኑ ሰመጠ። አለቃቸው ለአርበኞቹ ብለህ ሆን ብለህ ነው ያሰመጥከው አለው። አሰሩት። ሣጥኑ እስከ ቅዳሜ ካልወጣ ገበያ መሐል እንደሚሰቀል ተነገረን። ቀኑ ሰኞ ነበር።

ከወታደሮቻቸው መካከል ኢድሪስ የሚባል የምፅዋ ሰው ነበር፤ ከባሕር ሥር ሉል ሲለቅም ያደገ። ትንፋሹን ይዞ ወረደና ሣጥኑን አገኘው። ድንጋይ ሥር ገብቶ የዛፍ ሥር ተጠላልፎበታል። ያንን ቆርጦ ገመድ ለማሰር ደግሞ አንድ ትንፋሽ አይበቃም። ሽማግሌው መካኒካቸው ይህን ሲሰማ የጎማ መንፊያውን ነፋስ በብረት ጠርሙስ አምቆ፣ ጫፉ ላይ የጎማ ቱቦ ቀጥሎ መጣ። ኢድሪስ በሆዱ ተኝቶ ስለሚሠራ ጠርሙሱ ከጀርባው መታሰር ነበረበት። ነፋሱ ጥቂት ስለሆነ ሊተነፍስ ሲል መክፈት፣ ከዚያ መዝጋት አለበት። መክፈቻው ግን ከማጅራቱ ኋላ ነው፤ የኢድሪስ ቀኝ ትከሻ ደግሞ ከበቅሎ ከወደቀ ወዲህ ደርቋል። እጁ ከጆሮው አያልፍም። ግራ እጁ ሁለት ጣት የለውም፤ መክፈቻ ማዞር አይችልም።

እናቴ በማሸት የታወቀች ነበረች። ሄዳ ሰውየውን ላሽሸው፣ ስጡኝ አለቻቸው። በየጠዋቱ ለብ ባለ የሰሊጥ ዘይት ትከሻውን ታሸዋለች፤ ከዚያ ከጭቃው ግድግዳችን ፊት ታቆመውና ጣቶቹን እንደ ሸረሪት ሽቅብ እንዲያስኬድ ታደርገዋለች። የደረሰበት ላይ በከሰል ታሰምራለች። ላቡ እየተንጠባጠበ ከትናንቱ መሥመር በላይ ግማሽ ጣት ያህል ይጨምራል። ሲጨርስ የማሽላ ቂጣ በባሚያ ወጥ ታቀርብለታለች። አንድ ቀን እንኳ አመመኝ ሲል አልሰማሁም። አባቴን ያሰሩት ጓደኞቹ መሆናቸውን ማናችንም አናነሳም።

ዓርብ ጠዋት ወንዙ ዳር ጠርሙሱን አሰሩለትና ሞከረ። እጁ ጆሮውን አለፈ፤ ማጅራቱን ነካ። መክፈቻው ጋ ለመድረስ ግን አሁንም ስንዝር ቀረው። ደጋግሞ ሞከረ። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"እናቴ፣ ትከሻውስ ደኅና ሆኗል" አላት ኢድሪስ ቀስ ብሎ። "ብረቱ ነው የራቀኝ።"

ይኼኔ ወንድሜ ጀርባዬ ላይ አነጠሰ። በቀን መቶ ጊዜ የማደርገውን አደረግሁ፤ ጎንበስ ብዬ በግራ እጄ ቂጡን ሽቅብ ገፋሁና ቀኝ እጄን በትከሻዬ ላይ አሳልፌ ንፍጡን ጠረግሁለት። ቀና ስል ኢድሪስ አፍጥጦ ያየኛል።

"እስቲ ድገሚው።"

"ምኑን?"

"ልጁን።"

ደገምኩለት። ወታደሮቹ ሳቁ፤ አንዱ ኢድሪስ ሞግዚትነት ሊቀጠር ነው አለ። ኢድሪስ በጎደለው እጁ የጠርሙሱን ታች ገፋ፤ ጠርሙሱ አልነቃነቅ አለ።

"ከላይ አጥብቀውታል" አልኩት፣ ፈራ ተባ እያልኩ። "አንቀልባ ከላይ ከጠበቀ ልጅ ሽቅብ አይልም። ያላሉትና አገጭዎን ደረትዎ ላይ ያድርጉ።"

መካኒኩ እስኪተረጎምለት አልጠበቀም። የደረቱን ጠፍር አላላው፤ ጠርሙሱ ወደ ጭንቅላቱ እንዳይገለበጥ ሌላ ጠፍር በእግሮቹ መካከል አሳልፎ አሰረለት። ኢድሪስ ጎንበስ አለ፣ ገፋ፤ ቀኝ እጁ መክፈቻው ላይ ደረሰና ጨበጠው። ነፋሱ ፉጨት አሰማ።

"ይኼኛው ልጅ አያለቅስም" አለ።

የጓንግ ውኃ ድፍርስ ነውና ዓይኑን ጨፍኖ እስከ ቀትር ተለማመደ። ከዚያ ገመዱን ይዞ ገባ።

ውኃው ገጠመበት። ከዚያ አረፋ ወጣ፤ ቆመ። ደግሞ ወጣ፤ ቆመ። አንድ ሰው ከሥራችን፣ ከዚያ ቡናማ ውኃ ሆድ ውስጥ፣ ትንፋሹን በገዛ እጁ ይከፍታል፣ ይዘጋል። እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ አውሮፕላንም አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም። ሲሳለቁ የነበሩት ሁሉ ወደ ውኃው ጠጋ አሉ። አረፋው ሲቆም እኛም ትንፋሻችንን እንይዛለን፤ ሲወጣ እንተነፍሳለን። አንድ ጊዜ ቆይቶ ቆይቶ አልወጣም አለ። እናቴ ክንዴን ጨመቀችው፤ ጥፍሯ ገባ። ቆይቶ ትልቅ አረፋ ቡልቅ አለ፤ ገመዱም ሁለት ጊዜ ተነቃነቀ።

ወታደሮቹ ገመዱን ጎተቱ። ሣጥኑ ጭቃ እያንጠባጠበ ወጣ፤ ኢድሪስም ከኋላው ብቅ አለ። ቱቦውን ከአፉ አውጥቶ "ኸላስ" አለ፤ አለቀ ማለቱ ነው። የዚያኑ ዕለት አባቴን ለቀቁት። የመንገዱ ሥራ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ ኢድሪስም አብሮ ሄደ፤ ዳግመኛ አላየሁትም።

ባለቤቴ የሞተው በሳንባ ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ትራሱን ከፍ አደርግለታለሁ፤ ዝቅ አደርግለታለሁ፤ ደረቴ ላይ አስደግፈዋለሁ፤ በጎን አስተኛዋለሁ። አየሩ በቤቱ ሙሉ ነበር፤ እሱ ጋ ግን አይደርስም። አንድ ያላገኘሁት አያያዝ ያለ ይመስለኝ ነበር። አሁን ስጽፈው አልነበረም እላለሁ፤ ማታ ሲሆን ደግሞ ነበር እላለሁ። በሁለቱ መካከል ስሆን የዚያን ዓርብ ከሰዓት አስበዋለሁ፤ አባቴ እጁ ላይ የገመድ ሰንበር እንዳለ በሰሊጡ ነዶ መካከል ወደ ቤት ሲመጣ፣ እናቴም ከደጅ ቆማ ወንድሜን ከጀርባዬ እየፈታች "ሂጂ፣ ሩጪ፣ ተቀበዪው" ስትለኝ።