ያለ ቆርኪ ትመልስ

ባለፈው ሳምንት ከዩኒቨርሲቲያችን ካፌ ደጃፍ አንዲት የለስላሳ ቆርኪ አነሳሁ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። እኔ ግን ጥርስ ጥርስ ያለውን ጠርዟን ስዳብስ፣ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ የሆነው ሁሉ መጣብኝ።

ትምህርት ቤታችን ሰቆጣ ዙሪያ፣ ከመኪና መንገድ ራቅ ያለ ነበር። የሒሳብ መምህራችን፣ እኛ «ቲቸር» የምንላቸው፣ ከጎጃም የመጡ ናቸው። ማካፈል አልገባን ሲል አንድ ከረጢት ቆርኪ ይዘው መጡ። በቡድን ሆነን መሬት ላይ እየደረደርን እንሽቀዳደማለን፤ ቀድሞ እኩል ላካፈለ ይጨበጨባል፣ የተሸነፈ ይዘፍናል። መዳፋችን ቀኑን ሙሉ ዝገት ዝገት ይሸት ነበር።

አንድ ቀን ቡድናችን አሸንፎ ስንጮህ በሩ ጨለመ። አባቴ ነበር፤ ዱላውን እንደያዘ።

«ለዚህ ነው የላክሁሽ? ጨዋታማ ፍየል እየጠበቅሽም ትጫወቻለሽ» አለኝ። ወደ ቲቸር ዞሮም፣ «መምህር፣ ከነገ ጀምሮ አትመጣም» አላቸው።

ጭብጨባው ቀጥ አለ።

«አባት፣ ሲጫወቱ ነው የሚማሩት። ከመውሰድዎ በፊት እስቲ ይጠይቋት» አሉ ቲቸር።

አባቴ መሬት ላይ የተደረደረውን ቆርኪ በዱላው ገፋ አደረገው። «እሺ። ያለ ቆርኪ ትመልስ።»

ጥያቄውን ያቀረበልኝ ቲቸር በማይሰሙት በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ነበር፦ ከሃያ አራት ቁና ገብስ ግማሹን ለዘር ቢያስቀምጥና የቀረውን ለሦስት ቤት እኩል ቢያካፍል፣ ለያንዳንዱ ስንት ይደርሳል?

ቲቸር ፊቴን ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻሉም። ከኋላዬ አንዲት ልጅ መልሱን ልታቀብለኝ ስታንሾካሹክ አባቴ ዱላውን መሬት ላይ መታ፤ ዝም አለች። ያኔ ጣቶቼ ቀሚሴ ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ። የሌለውን ቆርኪ ደረደሩ፣ ግማሹን ገፉ፣ የቀረውን ሦስት ቦታ ከመሩ።

«አራት» አልሁ፣ እኔም በኽምጣኛ። ቲቸር ልክ መሆኔን ያወቁት ከልጆቹ ጩኸት ነው።

አባቴ አልሳቀም፤ አላመሰገነኝም። «ነገ እንዳታረፍጅ» ብሎኝ ወጣ። በሳምንቱ ግን ከሰቆጣ ገበያ ሲመለስ በጋቢው ጫፍ ቆርኪ ቋጥሮ መጣ። በመጠጥ ቤት ደጅ ማለፍ እንኳ የሚጸየፈው አባቴ፣ ሰው እያየው እዚያው ደጅ ጎንበስ ብሎ ለቅሞታል።

«ለመምህርሽ ስጭ፤ የእሳቸው ለሁላችሁ አይበቃም» አለኝ።

ዛሬ ሒሳቡን ስልኬ ይሠራልኛል። ፈተና ላይ ግን ስልክ አይገባም፤ ያኔ ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ መደርደር ይጀምራሉ። አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው ፍርሃት ይመስለዋል። ከካፌው ደጃፍ ያነሳኋትን ቆርኪ አልጣልኋትም። ለበዓል አገር ቤት ስገባ ለአባቴ እወስድለታለሁ።