ሙሴው ማነው?

አጎቴ ከማክሰኝት ወደ ጎንደር የመጡት ዓይናቸውን ሊታከሙ ነበር። መናኸሪያው በር ላይ ፖሊሱ በእጁ «ቁም» ቢላቸው አላዩትም፤ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሊያመልጥ ነው ተብሎ ተያዙ።

ከማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ወጥቼ፣ ምሳ ይዤላቸው ወደ ጣቢያው በረርኩ። ዓይናቸውን ሲያዩ ይቅርታ ጠይቀው ይሸኟቸዋል ብዬ ነበር፤ የእኔ ነገር! ግቢው ውስጥ አንድ መርማሪ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ ይጠይቃቸዋል። ልጃቸው የሚሆን ሰው «አንተ» እያለ ሲያመናጭቃቸው ክው ብዬ ቀረሁ።

«የምን ቡድን አባል ነህ?»

«ቡድን አላውቅም። ማኅበር ማለትህ ነው?»

«እሺ፣ ማኅበር። የት ነው የምትሰበሰቡት?»

«በየተራ በየቤታችን ነዋ፣ ልጄ። በወር በወሩ።»

«መሪያችሁስ?»

«ምነው አያ፣ ዝም ቢሉ!» አልኩ። አልሰሙኝም።

«ሙሴው ነዋ! ሸጋ ሰው ነው።»

መርማሪው ብድግ አለ። የፅዋ ማኅበር መሪ ሙሴ እንደሚባል በእኛ አገር ሕፃን ልጅ ያውቃል። ይሄ ሰው ግን የታጣቂ መሪ የምስጢር ስም ያገኘ መሰለው። «ፀሎት አድርሰው፣ ጠላ ጠጥተው የሚለያዩ የሚካኤል ማኅበርተኞች ናቸው እኮ!» ብዬ ጮህኩ። «አንቺ ደግሞ ምኑ ነሽ?» ተባልኩ። ሕጉ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል ብዬ ብከራከር ሳቀብኝ። «ሲጣራ ይቀርባል» አለኝ። ንዴቴ እንባ ሆኖ መጣ።

የሐኪም ቀጠሯቸው እዚያው አለፈ። ሚስታቸው ምክንያቱን በስልክ ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቃቸው መጣ። «ለዚህ ነው እንዴ? ሙሴው ራሱ ሄዶ ያስረዳቸዋ» አሉ። እኔም ደግ ሐሳብ ነው አልኩ።

ሙሴው የክት ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። መርማሪው ማን እንደሆኑ ጠየቃቸው።

«ሙሴው እኔ ነኝ» አሉ፣ ጎንበስ ብለው እጅ እየነሱ።

መርማሪው አንድ እጃቸውን ያዘ። ሰላምታ መሰላቸው፤ ከዘራውን ለእኔ ሰጥተው ሁለተኛውንም እጃቸውን በአክብሮት ዘረጉለት። ካቴናው ሲቆለፍ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። እኔም ከዘራውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

ከግቢው ጥግ አጎቴ የሙሴውን ድምፅ ለዩት። ካቴናውን ግን አላዩትም።

«እሰይ፣ መጣህልኝ!» አሉ ከወንበራቸው እየተነሱ። «በል ንገራቸውና እንሂድ።»