«እስማማለሁ» የሚለው ቁልፍ

ዋኘው ድሮ ታፔላ ጸሐፊ ነበር። ደብረ ማርቆስ ላይ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ድረስ በእጁ ያልጻፈው የሻይ ቤት ስም፣ ያልሳለው የፀጉር ቤት መቀስ አልነበረም። ኋላ የባነር ማተሚያ መጣና እሱ ቀኑን ሙሉ ተጎንብሶ የሚጽፈውን በአምስት ደቂቃ እየተፋ ይጥለው ጀመር። ደንበኞቹ አልተጣሉትም፣ ሰላምታም አልነሱትም፤ ዝም ብለው ቀሩ። ብሩሾቹን በጋዝ አጥቦ በጋዜጣ ጠቀለላቸው፤ ኮምፒውተር ተማረና በሠላሳ አንድ ዓመቱ ተስፋዓለም የሚባል ሰው ከከፈተው ትንሽ የሶፍትዌር ቤት ተቀጠረ።

እዚያም ቢሆን የደረሰው ሥራ ከታፔላ ብዙ የራቀ አልነበረም። ፕሮግራሙን የሚጽፉት ሌሎች ናቸው፤ የእሱ ድርሻ መጫኛው ብቻ ነው። አዲስ ፕሮግራም ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ብቅ ብቅ የሚሉ መስኮቶች አሉ፤ እንኳን ደህና መጡ የሚል፣ የት ላስቀምጠው ብሎ የሚጠይቅ፣ በውሉ ተስማምተዋል ወይ የሚል፣ በመጨረሻም አለቀ ብሎ የሚያሰናብት። የእነዚህን መልክና ንግግር የሚያበጃጀው ዋኘው ነው። ሰው ሁሉ ሳያያቸው ያልፋቸዋል፤ ካለፉም ወዲያ ተመልሰው አይታዩም። ይህን ያውቃል። ቢያውቅም ሌላ መግቢያ አልነበረውም።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ቤቱ አንድ ደህና ሥራ አገኘ። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ዙሪያ ላሉ አሥራ ሁለት የመስኖ ማኅበራት የውሃ ተራ የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው፤ የማን ማሳ በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ውሃ እንደሚጠጣ። ተስፋዓለም ዋኘውን ጠርቶ ሳይሸፋፍን ነገረው። ኅዳር ሳይገባ፣ ቦዩ ሳይከፈት ፕሮግራሙ በአሥራ ሁለቱም ማኅበራት ካልተጫነ አሠሪው ድርጅት ሥራውን ይነጥቃቸዋል፤ ሥራው ከተነጠቀ ደግሞ መጀመሪያ የሚሰናበተው እሱ ነው።

ዋኘው እንደዚያ ሰሞን ለሥራ ተጨንቆ አያውቅም። ከውጭ እንዳለ የመጣውን መጫኛ መልኩን ለወጠው። በግራ በኩል የነበረውን የካርቶንና የኮምፒውተር ሥዕል አውጥቶ ከድንጋይ ግድብ ሥር የሚወጣ ቦይ ሳለበት። ጭነቱ ሲካሄድ እየሞላ የሚሄደውን አረንጓዴ መስመር ውሃ ሰማያዊ አደረገው። ቁልፎቹ የተለኩት ለአጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት ስለነበር የአማርኛው ፊደል ጫፉ ይቆረጥ ነበር፤ አንድ በአንድ አሰፋቸው። «ቀጥል» ብሎ የጻፈውን አጥፍቶ «ይቀጥሉ» አለ። ከኮምፒውተሩ ፊት የሚቀመጠው ሽማግሌ ቢሆንስ? ሽማግሌን አንተ የሚል ዕቃ መላክ ነውር መሰለው።

ከዚያ የውሉ መስኮት ደረሰ። ሦስት ገጽ እንግሊዝኛ ነው። ተስፋዓለም እንዳለ ተወው፣ ማን ያነበዋል ብሎት ነበር። ዋኘው ግን እንዳይነበብ ተብሎ የሚጻፍ ፊደል አይገባውም። ስድስት ቀን ፈጀበት። መዝገበ ቃላት ከፊቱ ዘርግቶ፣ ጠበቃ ያጣመመውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ገበሬ ቆሞ በሚሰማው አማርኛ አቀናው። ከሥሩ ሁለት ቁልፍ አደረገ፤ «እስማማለሁ» እና «አልስማማም»። ሲጨርስ ብቻውን ተቀምጦ ከላይ እስከ ታች አነበበው። በዕድሜው እንደዚያ ያማረ ነገር የሠራ አልመሰለውም።

ፕሮግራሙን የያዙት ፍላሾች ጥቅምት ሲብት ለማኅበራቱ ተላኩ። በዚያ ሰሞን መንገዱም ኔትወርኩም አንድ ቀን ቢኖር ሁለት ቀን ይጠፋ ስለነበር ወሬው ዘግይቶ መጣ። አንድም ማኅበር አልጫነም። ኮምፒውተሮቹ ይሠራሉ፣ ፍላሹም ይከፈታል። ሁሉም የቆሙት «እስማማለሁ» ከሚለው ቁልፍ ላይ ነው።

ተስፋዓለም መጀመሪያ ሳቀ። «አየህ» አለው፣ «ዓለም ሙሉ ሳያነብ ነው የሚስማማው። አንተ አስነበብካቸውና አረፍከው።» ሳቁ ሲያልቅ ቀኑን ቆጠረ። አሥራ ስድስት ቀን ቀርቷል። ሂድና ራስህ አስማማቸው ብሎ ሰደደው።

ዋኘው ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብሎ ወዳለው ማኅበር ሄደ። ጽሕፈት ቤቱ አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ኮምፒውተሩ አቧራ እንዳይነካው የማዳበሪያ ጆንያ ለብሶ ተቀምጧል። ጸሐፊዋ ጥሩብርሃን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ የአንድ ልጅ እናት ናት። ቁልፉን ለምን እንዳልተጫነችው ሲጠይቃት ገርሟት አየችው። ለሦስት መቶ አባወራ እስማማለሁ የምል እኔ ማን ነኝ አለችው። ከዚያ የውሃ አባቱን አስጠራች።

የውሃ አባት ማለት ቦይ የሚያስከፍትና የሚያስዘጋ፣ ተራ ሲያጣላ የሚዳኝ፣ ገበሬው የመረጠው ሰው ነው። የዚያ ማኅበር የውሃ አባት አያ እንዳላማው ናቸው። አምስት የኮሚቴ ሰዎች አስከትለው መጡ። ለካ ውሉን ልክ እንደ መሬት ውል ሦስት ምስክር አቁመው፣ በጥሩብርሃን አስነብበው፣ ሁለት እሑድ ሙሉ ሲመክሩበት ሰንብተዋል። አማርኛውን አመሰገኑ። ጥርት ያለ ነው፣ የጻፈው እጅ ይባረክ አሉ። ዋኘው የጻፍኩትስ እኔ ነኝ ለማለት አፉ ላይ ደርሶ መለሰው።

አያ እንዳላማው ዘጠነኛውን ቁጥር አንብቢለት አሏት። ጥሩብርሃን በእጇ ከገለበጠችው ወረቀት አነበበች።

«በዚህ ፕሮግራም ለሚጠፋ መረጃ፣ ከዚያም ለሚከተል ማንኛውም ጉዳት ሠሪው ድርጅት ኃላፊነት አይወስድም።»

«ልጄ» አሉት ሽማግሌው፣ «አምና የተራው ደብተር ዝናብ ነክቶት ሁለት ገጽ ጠፋ። በሁለት ገጽ ምክንያት ሁለት ወንድማማች በአካፋ ተፈላለጡ። አንደኛው ዛሬም ባንድ ዓይኑ ነው። አሁን ደብተሩን ለኛ ስጡን ትላላችሁ። ቢጠፋስ ስንል የለንበትም ትላላችሁ። ታዲያ ማን አለበት?»

ዋኘው ይህ በየአገሩ የሚጻፍ የተለመደ ቃል ነው አላቸው። ሞትም የተለመደ ነው አለ አንዱ የኮሚቴ ሰው፣ ስለተለመደ ግን ማንም አይፈርምለትም። ሰዎቹ ሳቁ። አያ እንዳላማው አልሳቁም። ዘጠነኛው ይውጣ፣ ዛሬውኑ እንስማማለን አሉ፤ የቀሩት አሥራ አንዱም ማኅበር የሚጠብቁት የኛን ቃል ነው።

ዋኘው ደብረ ማርቆስ ተመልሶ ይህን ሲያደርስ ተስፋዓለም ራሱን ነቀነቀ። ውሉ የጠበቃ ነው፤ አንዲት ቃል አትወጣም። መፍትሔው ግን ቀላል ነው አለ። ያንኑ ሦስት ገጽ ወደ እንግሊዝኛው መልሰው። ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ።

ዋኘው ያው ዘጠነኛ ቁጥር እኮ እዚያም አለ አለው።

«አለ። አይታይማ» አለ ተስፋዓለም። «ወይስ ቦታህን ለሌላ ልስጠው?»

ስድስት ቀን የፈጀው አማርኛ በግማሽ ሰዓት ተነሣ። ሥዕሉ እንኳ ይቆይልኝ ብሎ ነበር፤ ያው የድሮው ነው ብለው እንዳይጠረጥሩ ተስፋዓለም እሱንም አስወጣው። ካርቶኑና ኮምፒውተሩ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ዋኘው ያየው ስክሪኑን ነው፤ ያሰበው ግን በሠላሳ አንድ ዓመት ዕድሜ ሦስተኛ ሙያ ስለሚጀምር ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አያውቅም። ወደ ደብረ ኤልያስ ሲመለስም መኪናው ውስጥ ለሽማግሌው የሚነግረውን ቃል ሲያዘጋጅ ዋለ። ካዘጋጃቸው ቃላት አንዱ እውነቱ ነበር። ረጅም ሆነበት።

በቆርቆሮው ቤት ሁሉም ቆመው ጠበቁት። ጥሩብርሃን ፍላሹን ሰካች። እንግሊዝኛው ሲመጣ ወደ ስክሪኑ ቀረብ ብላ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የመጀመሪያውን መስመር ሞከረችው። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ተወችውና ዞር ብላ ዋኘውን አየችው። ሁሉም አዩት።

«ዘጠነኛውስ?» አሉ አያ እንዳላማው።

«ወጥቷል» አለ ዋኘው።

ሽማግሌው ለጥሩብርሃን በአገጫቸው ምልክት ሰጧት። ተጫነችው። መስመሩ አረንጓዴ ሆኖ ሞላ። አለቀ።

አያ እንዳላማው ለአሥራ አንዱ ማኅበር ወጥቷል ብዬ በአፌ እነግራለሁ፣ አንተ በየቦታው አትንከራተት አሉት። ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ቃላችንን እንደ ሰማህ ቃልህን የሚሰማ አያሳጣህ፣ ከክፉ ይሰውርህ ብለው መረቁት። ዋኘው ከሌሎቹ ጋር አሜን አለ። ድምፁ ከሁሉም ዘግይቶ ወጣ።

ሰዎቹ ሲበተኑ ጥሩብርሃን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ የተራውን ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ ወደ ኮምፒውተሩ መገልበጥ ጀምራ ነበር። ዋኘው ከበሩ ተመለሰ።

«ይኸን ደብተር አደራ እንዳትጥይው» አላት።

«ለምን?» አለች፣ ዓይኗን ከገጹ ሳታነሣ። «ከእንግዲህ ቢጠፋ ያላችሁበት እናንተ አይደላችሁ?»

መንገዱ ላይ የቆመው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ዋኘው ጥያቄዋን እንዳልሰማ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ።