ውሃ የማይገባበት ክፍል

ዓረብ አገር፣ አል ጉብራ በሚባል ሰፈር የተቀጠርኩበት ቤት ውስጥ በውሃ የማላጸዳው ክፍል አንድ ብቻ ነበር። ለሾፌር ተብሎ የተሠራ፣ ከእኔ መኝታ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ክፍል ነው። ሾፌር ግን የለም፤ እስከ ጣሪያው ድረስ የድሮ የመንገድ መብራት ታጭቆበታል። ባለቤቱ ባባ የምላቸው አሠሪዬ ናቸው፤ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን የመንገድ መብራት ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ።

በየመንገዱ ቢጫው መብራት ወርዶ ነጩ ሲሰቀል፣ የቀድሞ የሥራ ጓደኞቻቸው አሮጌውን ከብረት ገዢዎች እጅ እያስጣሉ ያመጡላቸዋል። አንዱ ከአል ኹዌር፣ አንዱ ከአል ቡስታን ቁልቁለት። ባባም መብራቱ ቆሞበት የነበረውን መንገድ በጠመኔ ይጽፉበታል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ሥራው ቀስ በቀስ ወደ እኔ ዞረ። የመጣሁት ለምግብና ለጽዳት ነበር፤ ግን እውነቱን ለመናገር ድስት ከመፈተግ የመብራት ቆብ መፈተግ ይሻለኝ ነበር። ቆቡን ግቢ አውጥቼ የሞተ የእሳት ራትና አቧራ አራግፋለሁ፣ በኮምጣጤ አጥባለሁ፣ የዛገውን ብሎን ዘይት አጠጣለሁ። አምፖሉን ግን በደረቅ ጨርቅ ብቻ።

ይህን ሕግ ያስተማሩኝ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ረጅሙን የመስታወት ቱቦ ወደ መስኮቱ አንስተው፣ ውስጡ የረጉ ብርማ ጠብታዎች አሳዩኝ፤ ሶዲየም ይባላል አሉኝ። ከተሰበረ አምፖል አንዲት ፍንጣሪ አውጥተው አሸዋ ላይ አኖሩና ውሃ አንጠባጠቡባት። ቦግ ብላ ነደደች። ውሃ እሳት ሲያጠፋ እንጂ ሲያነድ አይቼ አላውቅም፤ አማተብኩ፣ እሳቸውም ሳቁብኝ። «እዚህ ክፍል ማይ ማፊ። ኻላስ» አሉ፤ ውሃ የሚባል የለም፣ አለቀ ማለታቸው ነው። እሳቸውም ለሶላት ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው ሲመለሱ ክንዳቸውንና የጣቶቻቸውን መሀል ሳይቀር በር ላይ በፎጣ ሳያደርቁ አይገቡም።

አንድ መብራት ጠግነን ስንጨርስ መጋረጃ ጋርደን እናበራዋለን። መጀመሪያ ቀላ ይላል፣ ከዚያ ቢጫው ይመጣል። በዚያ ብርሃን ቀይ ሻሼ አመድ ይመስላል፤ የባባ ፊት ደግሞ ሊገነዝ የተዘጋጀ አስከሬን። እሳቸው ደስ ብሏቸው ያያሉ፤ እኔ እፈራዋለሁ።

ከዚያ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ከተለያየ ቦታ የመጡ ሁለት መብራቶች ላይ የአንድ መንገድ ስም ጻፉ። ቀጥሎ ምሳ በልተው ሳህኑን ሳላነሳ ምሳ የት አለ አሉኝ። አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ አንገቱ የተሰነጠቀ አምፖል በግራ እጃቸው ይዘው በቀኛቸው ቧንቧ ሊከፍቱ ሲሉ ደረስኩ። ቀስ ብዬ ተቀበልኳቸው። አቧራ ይዞት ነው፣ ላጥበው ብዬ ነው አሉኝ።

ለልጃቸው አልተናገርኩም። ሁለት ምክንያት ነበረኝ። አንደኛው፣ እኛ ዘንድ የሽማግሌ ገበና ይሸፈናል እንጂ አይወራም። ሁለተኛው፣ ልጃቸው ካወቀች መብራቱን አስጥላ እሳቸውን ወደ ቤቷ ትወስዳለች፤ እዚያ ሠራተኛ ስላለ እኔ ወዳስቀጠረኝ ኤጀንሲ እመለሳለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ የምናገረው የመጀመሪያውን ነው። ያሸነፈኝ ግን ሁለተኛው ነበር።

ማዳም፣ ማለትም ልጃቸው፣ በየዓርቡ፣ በጁምዓ፣ ትመጣለች። እኔ ሻይ እየቀዳሁ መልሱን በዘዴ አቀብላቸዋለሁ። መድኃኒት ወሰድክ ወይ ስትላቸው፣ ባባ ከቁርስ በኋላ እኮ ነው የወሰዱት እላለሁ። ባለፈው ማን ጠየቀህ ስትላቸው ስሙን ጣል አደርጋለሁ። እሷም የአባቴ አእምሮ እንደ ምላጭ ነው እያለች ትመካለች። በብልጠቴ እኮራ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት እኔ አጥቼው አይደለም።

አንድ ጁምዓ ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በፊት፣ ማዳም እየመጣሁ ነው ብላ ደውላ፣ እኔ ግቢ ቆብ እያጠብኩ መስታወት ሲሰበር ሰማሁ። ሮጬ ወደ መብራቱ ክፍል ስገባ ባባ ተንበርክከዋል፤ ክንዳቸው የውዱእ ውሃው ሳይደርቅለት ስብርባሪውን በባዶ እጃቸው ወደ መዳፋቸው ይሰበስባሉ። ይጣሉት ብዬ ጮህኩ። ቀና ብለው እንደማያውቁት ሰው አዩኝ። ያኔ መዳፋቸው ውስጥ ቦግ አለ። የተቃጠለ ቆዳ ሸተተኝ። ለእሳት ብለው በሩ ሥር ካስቀመጡት ባልዲ አሸዋ እየዘገንኩ እጃቸው ላይ ደፋሁ፤ ሌላ ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም።

ማዳም ደርሳ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ ሶላት በፊት፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ተጠቅልሎ ተመለሱ። ሳሎን አስቀምጣቸው እኔን ወደ በሩ ጠራችኝ። ቁጣ አልነበራትም፤ ፈርታ ነበር።

«እውነቱን ንገሪኝ። ባባ ነገር ይረሳል? ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጎ ያውቃል?»

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ኤጀንሲው መጣብኝ፤ ወለል ላይ የተደረደሩት ፍራሾች፣ ከአሠሪ ቤት የተመለሱት ሴቶች።

«ማፊ ማዳም» አልኳት። «አይረሱም። ሁሉንም ያስታውሳሉ።»

በረጅሙ ተነፈሰች። መስማት የፈለገችውም ይህንኑ ነበር። አባቷን ስማ ልትሄድ ወደ ሳሎን ተመለሰች፤ እኔም ተከተልኳት።

ባባ የተጠቀለለ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዩታል። ገለበጡት፣ እንደገና ገለበጡት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«እጄን ምን አደረግሽኝ?»

ባባ፣ አምፖሉ ነው፣ ተሰብሮ ሲያነሱት ነው አልኩ። ድምፄ ለራሴ እንኳ የውሸት ሆነብኝ።

«የምን አምፖል? እኔ ዛሬ እዚያ ክፍል አልገባሁም» አሉ። ድምፃቸው የረጋ ነው፤ አልተንቀጠቀጠም፤ ጤነኛ ሰው የሚናገረው እንደዚያ ነው። ቀጥለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እሷ ናት ያቃጠለችኝ።»

ማዳም ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። አባቷ ሁሉንም እንደሚያስታውሱ የነገርኳት እኔው ነኝ፤ አምናኛለች።