እማየ የማትቀባው ግድግዳ

ሽማግሌ ሊላክብኝ አንድ ወር ሲቀረው እማየ ኩታበር ያለውን ቤታችንን መቀባት ጀመረች። በእኛ ዘንድ ልጅ የምትዳርበትን ቤት ግድግዳ የምታስጌጠው እናት ናት። ቀይ አፈር፣ ነጭ አፈርና የከሰል ዱቄት በየጣሳው በጥብጣ በጣቷ ነው የምትስለው። የተያያዘው ሰንሰለት ዝምድና ነው፤ በየመሃሉ የምትጥለው ነጠብጣብ ልጅና ከብት ነው። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ የሴትዮዋንም ሙያ የሚለካው በዚያው ነው።

እኔ ግን አፈርኩበት፤ ምን ይደበቃል። ኮምቦልቻ ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ሰው የሆንኩ መስሎኝ፣ የሚያገባኝ ልጅ ወገኖች፣ የደሴ ሰዎች፣ መጥተው ያንን ጭቃ ሲያዩት ታየኝ። ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር ሁለት ቆርቆሮ ነጭ የፋብሪካ ቀለም በሚኒባስ ጭኜ ሄድኩ። እማየ ገበያ ስትወጣ ጠብቄ ሁሉንም ድምጥማጡን አጠፋሁት።

ስትመለስ ዘንቢሏን እንደያዘች ቆመች። «ነጣ» አለች። እኔ ሞኟ «አማረ አይደል?» አልኳት።

ሽማግሌዎቹ ሲገቡ የትልቁ ዓይን ግድግዳው ላይ ቀረ። በአገራችን ሥዕል የማይነካው፣ ዓመቱ እስኪሞላ ድረስ፣ ሐዘን የገባበት ቤት ግድግዳ ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ የፋብሪካ ቀለም ሲሆን ወጉ የማይመለከተው መስሎኝ ነው።

«ሐዘን ላይ ናችሁ እንዴ? ሳናውቅ ነው የመጣነው፤ ሌላ ቀን እንመለስ» አሏት።

እማየ ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። «የለም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ነን። እጄ ደክሞ ነው። መቀባቱ አቃተኝ፤ እርስዎም አይፍረዱብኝ» አለች። የአገሩ እናቶች ልጅ ሲድሩ እርጂን ብለው ደጅ የሚጠኗት ሴት ናት እንዲህ ያለችው። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ማለት ነበረብኝ። ለትዳሬ ፈርቼ አንገቴን ደፋሁ።

ተዳርኩ። ባለፈው አረፋ ስሄድ ግድግዳው ያው ነጭ ነው። ቀይ አፈሩን ራሴ ቆፍሬ አመጣሁና እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። ስፌት ይዛለች፤ ጣቶቿ ከእኔ ይፈጥናሉ።

«እማየ፣ ይቅር በይኝና ቅቢው» አልኳት።

«ይቅር ካልኩሽ ቆየሁ» አለችኝ፣ ስፌቷን ሳታቋርጥ። «ግን ሽማግሌ ፊት እጄ ደክሟል ብያለሁ። አሁን ብቀባው ሰው፣ ታዲያ ያኔ ማን ነው ያጠፋው ይላል።»