በጡብ የተያዘው የጓሮ በር

ማርቫ ቲተር ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቦታ መርጋት አይሆንላትም። አሳማ አርቢው አባቷ «ይህች ልጅ ካላሰሯት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አትቀመጥም» ይሉ ነበር። አድጋ፣ ተምራ፣ የትንሿ ከተማ የኤልም ፎርክ ሐኪም ሆና፣ ፀጉሯ ሸብቶም ያው ናት። የዚያን ጠዋት መቁነጥነጥ ግን ሌላ ዓይነት ነበር፤ ጸሐፊዋ ዳርላ እንኳ «ዛሬ ምን ነክቷታል?» እያለች ከመነጽሯ በላይ ስታያት አረፈደች።

በአሜሪካ የሰሜን ሚዙሪ ሰው ሐኪም ሲል ኦስቲዮፓት ማለቱ ነው። ኦስቲዮፓት እንደማንኛውም ሐኪም መድኃኒት ያዛል፣ ያዋልዳል፣ ቁስል ይሰፋል፤ በዚያ ላይ የተያዘ ወገብና የዞረ አንገት በእጁ ያክማል። የከተማ ሐኪሞች ድሮ «ዲግሪ ያላቸው ወጌሾች» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ገበሬው ግን ሳቁን ለከተሜው ትቶ ወረፋ ይይዛል። የማርቫ አባት ወገባቸው ተይዞ ወለል ላይ በቀሩ ጊዜ፣ ሽማግሌው ዶክተር ሂክስ መጥተው ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው በእጃቸው ሲያቆሟቸው በበሩ ቀዳዳ ያየችው ልጅ ሌላ ሥራ አልተመኘችም። ኮሌጁን ጨርሳ የመጣችውም እዚያው እሳቸው ክሊኒክ ነው፤ ሲሞቱም ክሊኒኩ የእሷ ሆነ።

ከክሊኒኩ ጋር የጓሮውን በር ወረሰች። በአጨዳ ጊዜ፣ አቧራ የጠጣ ገበሬ ከእናቶችና ከሕፃናት ጋር ተራ ጠባቂ ክፍል ከሚቀመጥ ሞቱን ይመርጣል። ዶክተር ሂክስ ይህን ስለሚያውቁ፣ አኩሪ አተሩ ሲደርስ የጓሮውን በር ከፍተው እንዳይዘጋ በጡብ ያስይዙታል። ገበሬው የመኪናውን ሞተር ሳያጠፋ ይገባል፣ አልጋው ላይ በሆዱ ይተኛል፣ ወገቡ ይታሻል፣ ይሄዳል። ካርድ የለ፣ የደም ግፊት መለካት የለ። ማርቫ ከሥራዋ ሁሉ የምትወደው ይህን ነበር።

በዚያ ጠዋት ዋዜማ ከሰዓት በኋላ በዚህ በር የገባው ቨርሊን ፕሩዊት ነው፤ ያደገችበት ቤት ጎረቤት፣ ሲጋራ ከአፉ የማይጠፋ፣ ነገረኛ ሽማግሌ። «ወገቤን ቶሎ አንቋቂልኝና ልሂድ፤ ዝናብ ሊመጣ ነው» ብሎ ተደፋ። ማርቫ እጇን አሳረፈች። ጡንቻው እንደ ሌላው ሰው ጡንቻ ነበር፣ ግን አልላላም አላት። ታሸዋለች፣ ይለዝባል፤ እጇን ስታነሳ ተመልሶ ይጠነክራል። ቨርሊንም አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እየተገላበጠ የሚመቸው አጣ። ከዚያ ዘሎ ተነሳና ወጣ። መኪናው ጋ ደርሶ «ደግሞ ወደ ብሽሽቴ ይወርዳል፣ ይሄ ነገር!» ብሎ ጮኸላት። እሷ እጇን እየታጠበች «ብዙ ውኃ ጠጣ!» አለችው።

ብዙ ውኃ ጠጣ!

ነገሩ የከነከናት በማግስቱ ጠዋት የአንዲት ሕፃን ጆሮ እያየች ነው። የተያዘ ወገብ የሚያርፍበት አንድ ጎን አያጣም። የቨርሊን ግን በየትም ጎን አላረፈም። ጡንቻው አልላላ ያለው ከሥሩ ያለ የታመመ ነገር እየከለለ ቢሆንስ? ሕፃኗን ለእናቷ መልሳ ስልኩን አነሳች። የቨርሊን ሚስት ኦኒታ መለሰችላት።

«ቨርሊን እንዴት አደረ?»

«የት ተኝቶ! ሲገላበጥ አድሮ በመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጤዛው እስኪደርቅ እንኳ አልጠበቀም፤ ወንዙ ዳር ያለው ማሳ ላይ ነው። ትናንት አሽተሽው የለ?»

«ቁርስ በልቷል?»

«የሚወደውን ጣፋጭ፣ የፖም ፓይ ትቶ ተነሳ። ካገባሁት ጀምሮ ፓይ ትቶ ሲነሳ አይቼው አላውቅም። ማርቫ፣ ምነው? አስደነገጥሽኝ እኮ።»

ማርቫ ምን ብላ እንደመለሰችላት አታስታውስም። ተራ ጠባቂው ክፍል ሞልቷል፤ ዳርላ «ኧረ ሰው አለ!» ትላለች፤ እሷ ግን መኪናዋ ውስጥ ናት።

መንገዱ አላልቅ አለ። የእህል መኪና ከፊቷ እየተንፏቀቀ አላሳልፍ አላት፤ ጥሩንባ ነፋች፣ ተሳደበች። ትናንት በጀርባው ብትገለብጠው ምን ነበረበት? ሆዱ ላይ እጇን ለማሳረፍ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅባት ነበር? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ደግሞም የዚያ አገር ሰው ዋናውን ነገር የሚናገረው የበሩን እጀታ ከያዘ በኋላ ነው። ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ሲል ቆይቶ፣ ሊወጣ ሲል፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ «ደግሞ አንድ ነገር…» ይላል። ማርቫ ይህን ታውቃለች፤ ለዚያች ሰዓት ጸጥ ብላ ትጠብቃለች። የጓሮው በር ግን በጡብ ተከፍቶ የሚኖር ነው፤ የሚያዝ እጀታ የለውም። ቨርሊን ዋናውን ነገር ሜዳ ላይ ነው የተናገረው፣ እሷም ለሜዳ ወሬ የሚሰጠውን መልስ ሰጠችው። ይህ ሲገባት መሪውን በጡጫ መታችው።

ማሳው ውስጥ ዘው ብላ ገብታ መኪናዋን ከማጨጃው ማሽን፣ ከኮምባይነሩ ፊት ገተረችው። ቨርሊን ከላይ አንገቱን አወጣ።

«አንቺ! ልትታጨጂ ነው የመጣሽው?»

«ሞተሩን አጥፋ!»

«አጨዳ ላይ ነኝ እኮ! ደመናው አይታይሽም?»

«አጥፋ አልኩህ!»

አጠፋ። መሰላሉን በሁለት እጁ ይዞ ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል። የፒካፕ መኪናዋ የኋላ ጭነት ላይ በጀርባው እንዲተኛ አዘዘችው።

«ትናንት በሆዴ፣ ዛሬ በጀርባዬ። ነገ ደግሞ በጭንቅላቴ ታቆሚኛለሽ» አለ፤ ቢሆንም ተኛ።

ማርቫ ሸሚዙን ገልጣ ከእምብርቱ ከፍ ብላ በቀስታ ዳሰሰች። እጇ ሥር አንድ ነገር ይመታል። ሰፊ ነው፤ በመታ ቁጥር ጣቶቿን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋቸዋል። መቁነጥነጧ ሁሉ በአንዴ ቀጥ አለ፤ ፈራች።

«ሆስፒታል ነው የምትሄደው። አሁን።»

«ይቺን ማሳ ልጨርስና…»

እንደማይሰማት ታውቃለች፤ አባቷም እንዲህ ነበሩ። ስለዚህ ክርክሩን ትታ የገዛ እጁን አንስታ ሆዱ ላይ አኖረችው። «ቀስ ብለህ። እንዳትጫን።»

ቨርሊን ሰማዩን እያየ ትርታውን በመዳፉ ተከተለ።

«ልቤ ነው እንዴ? እዚህ ድረስ ወርዷል?»

«ትልቁ የደም ሥርህ ነው። ተነፍቷል፤ ደም ማፍሰስም ሳይጀምር አልቀረም። ከፈነዳ እዚሁ ነው የምትቀረው።»

«ትናንትም ነበረ?»

«ነበረ። አልገለበጥኩህም፣ ቨርሊን።»

«ብትገለብጪኝም ተነስቼ እሄድ ነበር። ዝናብ ሊመጣ ነዋ።»

«አሁንም ሊመጣ ነው።»

«አሁን እንኳ ይዝነም» አለ፣ እጁን ከሆዱ ሳያነሳ።

በኮምባይነሩ ሬዲዮ ዳርላን ጠርታ የሆስፒታሉን ሄሊኮፕተር እንድታስልክ ነገረቻት። ሄሊኮፕተሩ መጥቶ ከታጨደው በኩል አረፈ። ኦኒታ ሽርጧን ሳትፈታ በጎረቤት መኪና ደርሳ ባሏን ሳመችው፤ «ፓይህን አስቀምጬልሃለሁ» አለችው። ሄሊኮፕተሩ ውስጥ ለማርቫ የሚሆን ቦታ አልነበረም። ሄሊኮፕተሩ ከዛፎቹ በላይ እስኪጠፋ ቆማ አየችና ወደ በሽተኞቿ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ መቆሚያ መቀመጫ አጣች። ስልኩ ሲጮህ ትሮጣለች፤ የመድኃኒት ማዘዣ ጥያቄ ይሆናል። ዳርላ «ኧረ ቁጭ በይ፣ አዞርሽኝ!» ብትላት «ብቀመጥ እጮሃለሁ» አለች። ሊዘጉ ሲሉ የቀዶ ሐኪሙ ደወለ። የደም ሥሩ የፈነዳው ከፍተውት ጠረጴዛው ላይ ሳለ ነው፤ ይዘው ሰፍተውታል። ሌሊቱ ያሰጋል፣ ግን አሁን በሕይወት አለ። ዳርላ አለቀሰች። ማርቫ ስልኩን አስቀምጣ ወደ ጓሮው ክፍል ሄደች።

አልጋው ላይ ሮይስ ኮብ የሚባል ወጣት ገበሬ በሆዱ ተደፍቶ ይጠብቃታል።

«ተገልበጥ።»

«ወገቤን እኮ ነው ያመመኝ።»

«ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ተገልበጥ።»

ሆዱን ዳሰሰች፣ ግፊቱን ለካች፣ ከዚያ ወገቡን በወጉ አሸችለት። እሱ ሸሚዙን ሲቆልፍ ጡቡን በእግሯ ገፋችው፤ በሩ ከስንት ዓመት በኋላ በአጨዳ ወቅት ተዘጋ። ሮይስ ግራ እየገባው እጀታውን ያዘ። ያዘና ቆመ። ፊቱ ወደ በሩ ነው።

«ማርቫ… ደግሞ አንድ ነገር…»

ማርቫ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እየሰማሁህ ነው» አለችው።